መጥኖ መደቆስ

ስሚኝ ልጄ። ፔሪሜትር ኮሌጅ ገብተሽ «ሕክምናውን እስክጨርስ ሐኪም ቢበዛስ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይህ ጥያቄ ትልልቆቹንም አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1980 እዚሁ አሜሪካ መንግሥት የሰየመው ኮሚቴ፣ በ1990 70,000 ሐኪም ይተርፋል ብሎ ተነበየ። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ቅበላቸውን ሳይጨምሩ ዓመታት አለፉ፤ በ1997 ደግሞ ኮንግረስ ሜዲኬር የሚከፍልባቸውን የሬዚደንሲ ቦታዎች ገደበ። ዛሬ የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር በ2036 እስከ 86,000 ሐኪም ሊጎድል ይችላል ይላል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሐኪም ባንድ ክረምት አይደርስም። ኮሌጅ አራት፣ ሕክምና አራት፣ ሬዚደንሲ ቢያንስ ሦስት ዓመት ነው። አንቺ የምታክሚው የዛሬን ሳይሆን የዛሬ 11 ዓመቱን በሽተኛ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ሳትቆጥሪ ሰዉን ቁጠሪ።

ከተማችንን ክላርክስተንን ዙረሽ እይ። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ በሱዳን አድርገን ስንመጣ ጎረምሶች ነበርን፤ ዛሬ ስኳሩም ደም ግፊቱም ይዞናል። ከኛ በኋላ ሶማሌው፣ ቡታኑ፣ ኮንጎው፣ አፍጋኑ መጣ፤ እነሱም ያረጃሉ። በሕክምና ኮሌጆቹ ማኅበር ትንበያ እስከ 2036 የአገሩ ሕዝብ በ8 በመቶ ግድም ሲያድግ፣ 75 ዓመት ያለፈው ከ50 በመቶ በላይ ይጨምራል። ከሐኪሞቹም ከአምስቱ አንዱ 65 ሞልቶታል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የኛ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚደብቀው የሚነግረው ሰው አጥቶ ነው። እናት የማህፀን ሕመሟን ወንድ ልጇ እያስተረጎመላት እንዴት ትናገር? ዝም ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ትንበያ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ሰው ሐኪም ቤት ባገኘው ሕክምና ነው፤ የእሷ ሕመም በየትኛውም መዝገብ የለም። ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

ወደ ዘርፍ ምርጫሽ ስመጣ፣ የልብ ቀዶ ጥገናው ክብርም ገንዘብም አለው፤ አልነቅፈውም። እኔ ግን የቤተሰብ ሕክምናን ወይም የአረጋውያንን ያዢ እልሻለሁ። ስኳርን ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የቤተሰብ ሐኪም ነው። ክፍያው ያንሳል፣ አልደብቅሽም። ሐኪም በጠፋበት ሰፈር ለሚያገለግል ናሽናል ሄልዝ ሰርቪስ ኮር የትምህርት ዕዳ ይከፍላል፤ ስለሱ አማካሪሽን ጠይቂ።

አማርኛሽን አትጣይ። ክላርክስተን ኮሚዩኒቲ ሄልዝ ሴንተር በበጎ ፈቃድ ግቢና ማን እንደሚመጣ እይ። ከዚያ የማይመጡትን እናቶች ቤታቸው ሄደሽ ለምን እንደቀሩ ጠይቂያቸው።