ስኒው እስከ ማን ይደርሳል?

ሰዎች አንድን ነገር በጋራ ስለ ወደዱ ብቻ እርስ በርሳቸው ወዳጆች ይሆናሉን? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ ገጽ አላገኘሁትም። ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት ከአዲስ አበባና ከባሕር ማዶ የመጡ ዐሥራ ሁለት የቡና አፍቃሪዎች ወደ ካፋ በዘለቁ ጊዜ፣ ካፊኖኖ የሚያስተረጉም ሰው ስላስፈለጋቸው ሦስት ቀን አብሬአቸው ዋልሁ። በሦስተኛው ቀን እዚሁ ዋጫ፣ በአንዲት እናት ቤት፣ ቡና ቀርቦ ሳለ የሆነው ነገር እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልወጣም። ምእመናን፣ በተለይም ባልንጀሮቼ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ አብረውኝ ያስቡበት ዘንድ እነሆ አቀርበዋለሁ።

አስቀድሞ ስለ ተጓዦቹ ጥቂት ልበል። ከመነሣታቸው በፊት አብዛኞቹ አይተዋወቁም ነበር። በጡረታ ላይ ያሉ የባንክ ሠራተኛ፣ ቡና ቆልታ የምትሸጥ ወጣት፣ አንድ ሐኪም፣ ከጀርመን አገር የመጡ ባልና ሚስት፣ ሌሎችም ነበሩባቸው። በቦንጋ የቡናውን ሙዚየም ከጎበኙ በኋላ በማግሥቱ፣ የቡና መገኛ ነው ወደሚባለው በዴቻ ወረዳ ወደሚገኘው ወደ ማንኪራ ጫካ በእግር ገቡ። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን ስፋቱም ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። እንደምናውቀው በዚያ ቡና በረድፍ የተተከለ የጓሮ ተክል አይደለም፤ በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ማንም ሳይዘራው በቅሎ፣ ወደ ብርሃን ሲንጠራራ ቀጥኖ የረዘመ የዱር ዛፍ ነው። ጡረተኛው ከአንዱ ግንድ አጠገብ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ በልጅነቴ ፍየል አስርበት የነበረውን ዓይነት ዛፍ ሰው ሲሳለመው ሳይ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር።

ሲመለሱ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ሐኪሙ ጫማቸውን አውልቀው ገፉ፤ ጀርመናዊው በጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ተንበረከከ፤ ሁሉም ሳቁ። ማታ ውኃ አፍልተው፣ የተፈጨውን ቡና በየብርጭቆው አድርገው ለቅምሻ ተቀመጡ። እያንዳንዱ በማንኪያ እየሳበ ያሸተተውን ይናገራል። አንዱ የሎሚ አበባ ሸተተኝ ይላል፣ ሌላዋ ማር ትላለች። ጡረተኛው ግን ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ «የእናቴ ጓዳ ሸተተኝ» ብለው ዝም ሲሉ ሌሎቹም አብረዋቸው ዝም አሉ። ቅጽል ስምም ተሰጣጥተዋል፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣውን «አቦል»፣ ዘወትር ወደ ኋላ የሚቀረውን «በረካ» ይሉታል። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው። በአንድ ቁምስና ሃያ ዓመት አብረን አስቀድሰን የእናቱን ጓዳ ያልነገረኝ ሰው ስንት አለ?

እንዲህ ያለው የጉዞ ማኅበር ለእኛ አዲስ ይምሰል እንጂ በዓለም የታወቀ ነው። ተጠቅልሎ የሚጨሰውን ወፍራም የትምባሆ ቅጠል፣ ሲጋር የሚባለውን የሚወዱ ሰዎች በቡድን ሆነው ወደ ኩባ ይጓዛሉ፤ በምዕራቡ የፒናር ዴል ሪዮ አውራጃ፣ ቩዌልታ አባሆ በሚባለው ምድር፣ ቅጠሉ ተሰቅሎ የሚደርቅባቸውን ጎጆዎች ያያሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረው የሃቫና የሲጋር በዓልም ከየአገሩ ሲሰበስባቸው ቆይቷል። ትምባሆ ጤናን እንደሚያጠፋ ማንም የማይስተው ስለሆነ ግብዣውን አላመሰግንም። ነገር ግን በዚያው አገር ከአጫሾቹ ማኅበር የሚበልጥ ሌላ ማኅበር ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ በሃቫና ፋብሪካዎች ሲጋር ጠቅላዮቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ አንባቢ ይቀጥሩ ነበር፤ እርሱም ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እነርሱ ቅጠሉን ሲጠቀልሉ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያነብላቸው ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ሠራተኛ እንኳ በዚህ መንገድ የዓለምን ወሬ ዐወቀ። እንግዲህ አንዱ ቅጠል ሁለት ማኅበር ወለደ፤ አጫሾቹ በጭሱ፣ ሠራተኞቹ በድካሙና በንባቡ ተወዳጁ። ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

በእኛም ዘንድ ከዚህ የተለየ አይደለም። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ የሚደርስ ቀይ እሸት በእጅ ይለቀማል። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም ገበያ ዋጋ ወርዶ አንድ ፓውንድ ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች በተሸጠ ጊዜ፣ በአገራችን ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለ ገበሬ ጥቂት አልነበረም፤ በየከተማው የነበረ ቡና ጠጪ ግን ያን ዓመት ከሌላው ዓመት አልለየውም። ከዐሥራ ሁለቱ እንግዶቼም የለቃሚውን የቀን ሒሳብ የጠየቁኝ ጡረተኛው ብቻ ናቸው።

የጥንቱ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ለኒቆማኮስ ባለው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ወዳጅነትን በሦስት ይከፍለዋል፤ ስለ ጥቅም የሚሆን፣ ስለ ደስታ የሚሆን፣ ስለ በጎነት የሚሆን። ስለ ደስታ የሚሆነውን ከፍጹሙ ወዳጅነት ቢያሳንሰውም ከጥቅሙ አብልጦ ያቀርበዋል፤ በደስታ የሚወዳጁ ሰዎች ሒሳብ አይተሳሰቡምና። ትክክል ይመስለኛል። ለሦስት ቀን ያየኋቸው ሰዎች ያለ ሒሳብ ለጋሶች ነበሩ። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩይኖ ደግሞ ወዳጅነት ሁሉ በአንዳች የጋራ ነገር ላይ ይመሠረታል ይላል። እንግዲያስ የሚጠየቀው፣ የጋራ የተባለው ነገር ለእነማን ጋራ እንደ ሆነ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቀን ልመለስ። ከዋጫ ከተማ ወጣ ባለው ጫካ መንገድ የመሩንና የእንግዶቹን ዕቃ የተሸከሙልን አንድ አዛውንት ነበሩ፤ የማንጆ ወገን ናቸው። ለአገራችን ሰው ይህን ማለት ይበቃል። ከሌላ ሀገረ ስብከት ለሚያነብ ግን፣ ማንጆዎች ቀድሞ በአደን፣ በኋላም እንጨትና ከሰል በመሸጥ በደኑ ዳር ይኖሩ የነበሩ ወገኖቻችን መሆናቸውን መግለጽ ያስፈልጋል። የዱር አውሬ ሥጋ ይበላሉ እየተባለ፣ ሌላው ካፌቾ ከእነርሱ ጋር በአንድ ዕቃ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይጋባምም ነበር። ቤት አይገቡም፤ ምግብ ቢሰጣቸው በቅጠል ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ለአራሹ ሁሉ መሬት ሰጠ፤ ስኒ ግን በአዋጅ አይታደልም። ልማዱ በየቦታው እየላላ መጥቷል፤ አልጠፋም።

እንግዲህ ወደ ቤቱ በደረስን ጊዜ አዛውንቱ ሸክማቸውን በደጅ አውርደው ከአጥሩ ሥር ተቀመጡ። ወዲያ ይቀመጡ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ማለትም አላስፈለገም። እኛ ገባን። ሣር ተጎዝጉዟል፤ ቡናው ተቆልቶ እየዞረ ጢሱ ተሸተተ፤ እንግዶቹ ዐይናቸውን ጨፍነው በደስታ አመሰገኑ። አቦል ተቀዳ። በዚህ ጊዜ ቡና የምትቆላው ወጣት ወደ ደጅ ተመልክታ፣ «እኒያ አባት ለምን አይገቡም?» ስትል ጠየቀችኝ። የቤቱ እመቤት ዐይኗን ወደ እኔ አነሣች። እኔም «ቡና አይጠጡም» አልሁ።

ሁለት ቃል ነው። ልጅቱ ግን አላመነችኝም መሰለኝ፣ የራሷን ስኒ ይዛ ወጣችና በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። አዛውንቱ ተነሥተው ተቀበሉ፤ ጠጡም። ስኒውን ሲመልሱ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሏት። ቀድሞ ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በካፊኖኖ ይነጋገሩ ስለ ነበር አማርኛ መስማታቸውን አላሰብሁም ነበር። የቤቱ እመቤት ያንን ስኒ ከሌሎቹ ጋር በረከቦቱ ላይ አላኖረችውም፤ ከምድጃው ኋላ ለብቻው አስቀመጠችው። ከእንግዶቹ ያስተዋለ የለም። ቶናው ሲቀዳ አንድ ስኒ ጎደለ፤ ቤተኛ ነኝና የእኔ ለልጅቱ ተሰጣት።

በማግሥቱ ተጓዦቹ ተቃቅፈው፣ አንዳንዶቹም አልቅሰው ተለያዩ። እኔ ግን ማንን እንደምነቅፍ ሳሰላስል ሰነበትሁ። ልጅቱን በችኮላ ማመስገን አልፈልግም። ያደረገችው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ምንም አላስከፈላትም፤ በማግሥቱ ሄዳለች፣ ለማን ቡና ሰጠሽ ብሎ የሚጠይቃት ዕድር የላትም። የቤቱ እመቤት ግን በየማለዳው ቡና ጠጡ የምትላቸውና የሚሏት ጎረቤቶች አሏት። በዚያ ስኒ አንጠጣም ቢሏትስ? ቡና አብሮኝ የሚጠጣ የለም የሚል ሰው የሚያዝነው ስለ ቡናው አይደለም፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞትበት የሚያስተዛዝነው አጣ ማለት ነው። እንግዲህ አዛውንቱን ከደጅ ያስቀረቻቸው ጥላቻ ይዟት ነው ለማለት አልደፍርም። ያስቀረቻቸው ወዳጆቿን ላለማጣት ነው። ይህም ነው እኔን ያስደነገጠኝ፤ ሰውን ከደጅ የሚያስቀረው ክፋት ብቻ ሳይሆን የምንወደው ኅብረት ራሱ ሊሆን ይችላልና።

ይህ በእርሷ አልተጀመረም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት ሁለተኛ ምዕራፍ እንደ ጻፈው፣ ቅዱስ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ የራሱ ወገኖች ከኢየሩሳሌም በመጡ ጊዜ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ። ጠላት አላስፈራራውም፤ ያስፈሩት ባልንጀሮቹ ናቸው።

ለእመቤቲቱ ይህን ያህል ምክንያት ካገኘሁላት ለራሴ ምን ላግኝ? እኔ እውነቱን ብናገር ቡና የሚከለክለኝ ጎረቤት አልነበረም። የዋሸሁት የአገሬን ገበና በእንግዶች ፊት ልሸፍን ብዬ ነው፤ በዚያች ሰዓት ከአዛውንቱ ክብር ይልቅ ለሦስት ቀን የገባሁበት የደስታ ማኅበር እንዳይደፈርስ ተጨንቄአለሁ። ልማድ ነው፣ ምን ይደረግ የሚል አንባቢ ቢኖር ግን አንድ ነገር ላስታውሰው። ዛሬ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም የሚያሰባስበው ይኸው ቡና፣ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ድረስ በሰሜኑ ደጋ ክርስቲያን የሙስሊሞች መጠጥ ነው እያለ የሚርቀው ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ ተለወጠ፤ ዛሬ ያን ክልከላ የሚያስታውስ እንኳ ጥቂት ነው።

ሌላም ያሳሰበኝ ነገር አለ። ለአዛውንቱ ስኒ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ ከእርሳቸው ስኒ መጠጣት ግን ሌላ ነው። ጌታችን በሰማርያ ጉድጓድ አጠገብ ለሴቲቱ ውኃ አልሰጣትም፤ አስቀድሞ አጠጪኝ ብሎ ለመናት፤ መቅጃ አልነበረውም፣ አይሁድም ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበር። ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! አዛውንቱን ግን በዋጫ ብዙ ሰው ሸክም አሸክሟቸዋል፣ እንጨትም ገዝቷቸዋል፤ ቡና አጠጡኝ ያላቸውን አላውቅም።

በሳምንቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ድፍረት ስላነሰኝ ከእንግዶቹ የቀረ ሒሳብ ለማድረስ የሚል ሰበብ ያዝሁ። ምራታቸው ቡና ቆላች፤ ከመቅዳቷ በፊት ሁለት ጊዜ በዐይኗ ጠየቀችኝ። ስኒው ጠርዙ የተሸረፈ ነበር። ከአፌ ሳደርሰው እጄ ለአፍታ እንደ ቆመ አልሸሽግም፤ ሳስተምረው የኖርሁት ቃል ምን ያህል ወደ ውስጤ እንደ ገባ ያን ጊዜ ታወቀኝ። አዛውንቱም እጄን አይተዋል። አቦሉን ጨርሼ ስኒውን ባኖርሁ ጊዜ ፈገግ ብለው፣ በካፊኖኖ ሳይሆን በአማርኛ፣ «መምህር፣ ቡና አልጠጣም ብዬ የነገርኩዎት መቼ ነበር?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም አልጠበቁኝም፤ ወደ ምራታቸው ዘወር ብለው «ቶናውን ቅጂላቸው» አሉ። እኔም ስኒዬን ዘረጋሁ።