ዶልዱም ቢላ

እንግሊዝኛ ውስጥ «ላሰሬቲቭ» የምትባል ቅጽል አለች። ባለቤቶቹም እምብዛም አይጠቀሙባት። ከላቲን የመጣች ስትሆን ትርጉሟ «የሚቀድ፣ የሚቦጭቅ» ነው። እኅቷ «ላሰሬቲንግ» ግን ሥራ አላት፤ ምሕረት የለሽ ሂስ የጻፈ ሰው ይሞገስባታል።

እኔን ያሳሰበኝ ይሄ ሙገሳ ነው። ቃል ስለ ቀደደ ለምን ይመሰገናል?

ከዚያው ሥር የወጣውን «ላሰሬሽን» የፎረንሲክ ሐኪሞች እንዴት እንደሚጠቀሙበት እንይ። ቢላ ወይም ምላጭ የቆረጠው ቁስል ጠርዙ ንጹሕ ነው። ላሰሬሽን የሚሉት ግን ዱላ፣ ድንጋይ ወይም ሌላ ስለት የሌለው ነገር ሲያርፍበት የተተረተረውን፣ ጠርዙ የተሸረካከተውን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የሚቀደው ስለታሙ ሳይሆን ደነዙ ነው!

ይህን ለዱከም ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በናዝሬት መንገድ ላይ ያለችው ይህች ከተማ ስሟ ከጥሬ ሥጋ ጋር ይነሳል። ቁርጥ በሞረድ የተሳለ ቢላ ይፈልጋል። ቢላው ከዶለዶመ ሥጋው ይጎተታል፣ ይቦጨቃል፤ ጅማቱም ከሥጋው አይለይም።

አማርኛችንም ፍርዱን ከሰጠ ቆይቷል። እውነቱን ስንፈልግ «ቁርጡን ንገረኝ» እንላለን። ሰውን በሌለበት ማማት ግን «ቡጨቃ» ነው። ጉራና ውሸት ደግሞ በአራዳው አፍ «ቀደዳ» ይባላል። ለእውነት የመረጥነው መቁረጥን እንጂ መቅደድን አይደለም።

«የተበደለ ሰው ቃል መርጦ ይጩህ ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። የለም፤ የተበደለ እንደመጣለት ይጩህ፣ እኔ አልፈርድበትም። ጥያቄዬ ለሌላው ነው፤ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ቡናውን እየጠጣ ለሚጽፈው። እሱ ቢላውን ለመሳል ጊዜ አለው። ባለሥልጣኑን «ሌባ» ብሎ መሳደብ ቀላል ነው፤ ተሰዳቢውም «ጠላቶቼ ናቸው» ብሎ ያልፈዋል። ጨረታው መቼ ወጣ፣ ማን አሸነፈ፣ በስንት ብር፣ ዋጋውስ ለምን እጥፍ ሆነ ብሎ በማስረጃ መጠየቅ ግን ይቆርጣል። እዚህ ላይ ማምለጫ የለም።

ስለዚህ አንድ ጽሑፍ አንብበን «አቤት ሲቦጭቀው!» ብለን ከማጨብጨባችን በፊት ቁስሉን እንየው። ጠርዙ ከተሸረካከተ ጸሐፊው ጉልበት አለው ማለት ነው። ስለት ስለመኖሩ ግን ገና አላወቅንም።