ድንጋዩ አደገ ወይስ አፈሩ አለቀ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በጾም ወራት ሁላችንም ራሳችንን እንመረምራለን። ሰርቄያለሁ ወይ? ዋሽቻለሁ ወይ? ወንድሜን ተቀይሜያለሁ ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች እናውቃቸዋለን፤ ለንስሐ አባታችንም እንናገራቸዋለን። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ጠይቀነው ስለማናውቀው አንድ ነገር ላወያያችሁ ወደድኩ። ነገሩ ስለ አፈር ነው። «አፈር ደግሞ ከንስሐ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ሰው እስኪጠይቀኝ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ጾም ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ጎጃም ሄጄ ነበር። ቅዳሴ ወጥቶ ከቅጥር ግቢው ስንወጣ አንድ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ጠሩኝ። የአብነት ትምህርቴን ከተማርኩ በኋላ በዲፕሎማ የተመረቅሁት በተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ መሆኑን ሰምተዋል። «አንተ የመሬት ነገር ተምረሃል አሉ፤ ና እስኪ አንድ ነገር ላሳይህ» ብለው ወደ ማሳቸው ወሰዱኝ። ማሳው ተዳፋት ላይ ነው። መካከሉ ላይ አንድ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አለ።

«ጎረምሳ ሳለሁ ይህ ድንጋይ ከቁርጭምጭሚቴ አያልፍም ነበር። ዛሬ እየው፣ ጉልበቴ ደርሷል። ሰዉ ድንጋይ ያድጋል ይላል። እውነት ያድጋል?» አሉኝ።

«አያ፣ ድንጋዩ አላደገም፤ አፈሩ ነው የወረደው» አልኳቸው።

ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «እንግዲያው የልጆቼን ነዋ ስበላ የኖርኩት! ይህስ ለንስሐ አባት ይነገራል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

አፈር እንዴት ይገኛል?

የጠፋውን ነገር ዋጋ ለማወቅ እንዴት እንደተገኘ ማወቅ ያስፈልጋል። ተማሪ ሳለን መምህራችን የሰው ቁመት የሚያህል ጉድጓድ አስቆፍረውን ነበር። ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ጠቆር ያለ አፈር፣ ከሥሩ ቀላ ያለ አፈር፣ ከዚያ በታች በእጅ የሚፈረፈር የበሰበሰ ድንጋይ፣ መጨረሻ ላይ ዶማ የማይበሳው አለት አየን። አፈር የሚወለደው ከዚያ ከታች ነው።

አባቶቻችን የሰው ሥጋ ከአራቱ ባሕርያት፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደተፈጠረ ያስተምሩናል። አፈርስ ቢሆን ያለ እነዚህ አራቱ መቼ ይገኛል? መነሻው አለት ነው፤ በደጋው አገራችን አብዛኛው ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ የረጋ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ሌሊት ብርድ ያኮማትረዋል፤ እንዲህ ሲሆን ኖሮ ይሰነጠቃል። ዝናብም ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ስለሚወርድ ትንሽ የመኮምጠጥ ጠባይ አለው፤ በስንጥቁ ገብቶ ድንጋዩን ቀስ እያለ ያሟሟዋል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ደግሞ በድንጋዩ ውስጥ ያለውን ብረት ያዝገዋል። ቀይ አፈር ቀይ የሆነው በዚህ ዝገት ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖም የተፈጨ ድንጋይ ብቻውን አፈር አይባልም። የሞተ ነገር ሊገባበት ይገባል። ቅጠል ይረግፋል፣ ሥር ይደርቃል፣ እበት ይወድቃል። ትልና ምስጥ፣ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕዋሳትም ያንን አብስለው ብስባሽ ያደርጉታል። በአንድ እፍኝ ጤናማ አፈር ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ሕዋሳት በዓለም ካለው ሰው ቁጥር ይበልጣሉ። ብስባሹ ከአፈሩ ከመቶ 5 እጅ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ነገር ግን ቅንጣቶቹን አያይዞ ውኃ የሚያስቋጥረውና ቡቃያውን የሚመግበው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። እንደ ድንጋዩና እንደ ዝናቡ ቢለያይም 1 ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር ብዙ መቶ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። አሁን ደግሞ ሌላውን ቁጥር ስሙ። ሐንስ ሁርኒ የተባሉ በአገራችን ለብዙ ዓመታት የሠሩ የስዊዘርላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጽሑፍ በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢ ከሚታረስ 1 ሄክታር መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ማለት ነው። ዐሥር ትውልድ የጠበቀው አንድ ሴንቲ ሜትር በሦስት ክረምት ወንዝ ገባ ማለት ነው።

ታዲያ በደሉ የማን ነው?

እኚያ አባት ሌባ ናቸው እንዴ? የማንንም ጎተራ አልከፈቱም። ያረሱት ልጆቻቸውን ለማብላት ነው። ዝናቡን ያዘነቡት እሳቸው አይደሉም፤ ተዳፋቱንም አልመረጡትም። ኩበት የምታነድ እናትም እንዲሁ ናት። ያ እበት ወደ ማሳው ቢመለስ አፈር ይሆን ነበር፤ እሷ ግን ሌላ ማገዶ ከየት ታምጣ? ቸግሮት ያደረገውንና ደልቶት ያደረገውን እኩል መክሰስ ፍርድ ማጓደል ነው።

«እንግዲያው ማንም አልበደለም» ብለን እንዝጋው? ይህም አያስኬድም። ምክንያቱም የተወሰደበት አለ። ያ ሰው ገና ስላልተወለደ አይጮኽም፣ ሽማግሌ አይልክም፣ ዳኛ ፊት አይቆምም። ከሳሽ የሌለው በደል ደግሞ ለመርሳት ቀላል ነው። አዳም በገነት ሲኖር የተሰጠው ሥራ ማልማት ብቻ አልነበረም፤ መጠበቅም ነበር። እኛ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጣልነው።

ከተማ ያለነውም «እኛ ገበሬ አይደለንም» ብለን አናመልጥም። ጤፍ ደጋግሞ ታርሶ የለሰለሰ መሬት ይፈልጋል፤ የክረምቱ ዋና ዝናብ ሲወርድ ቡቃያው ገና ስለሆነ መሬቱ ራቁቱን ነው። የጾም በያይነቱ የሚቀርብበት እንጀራ ከዚያ ማሳ የመጣ ነው። አንተ ወንድሜ፣ አንቺ እኅቴ፣ ጠግበን የተረፈንን እንጀራ ስንጥል የምንጥለው እህል ብቻ ነው?

ለእኚያ አባት፣ «እኔ ዲያቆን ነኝ፤ ይህን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ» ብዬ ተለየኋቸው። በመስከረም ስመለስ የሆነውን ራሳቸው ነገሩኝ። የንስሐ አባታቸው ሰምተው አልሳቁባቸውም፤ «አፈር ነው» ብለውም አላቃለሉባቸውም። ከጸሎቱና ከስግደቱ ጋር አንድ ቀኖና ጨመሩላቸው፤ ከማሳው የወጣውን ድንጋይ በዚያው ጾም ሰብስበው በተዳፋቱ አግድም እርከን እንዲክቡ፣ ሲክቡም ከታች ካለው ጎረቤታቸው ጋር እንዲሆን አዘዟቸው። ከዚያ ጎረቤት ጋር በጎርፍ ምክንያት ተኳርፈው ነበር። ዐቢይ ጾም የሚውለው በበጋ ነው፤ ገበሬው እርከን የሚሠራውም በዚሁ ወራት ነው።

ካቡን ሄጄ አየሁት። በአንድ ክረምት ከኋላው ስንዝር የማይሞላ አፈር ተኝቷል። ደስ አላቸው፤ ደስ አለኝ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ያ አፈር ተያዘ እንጂ አልተፈጠረም። የሄደውን ሰው አይመልሰውም፤ ያለውን ግን መያዝ ይችላል።

እንግዲህ የዚህ ጾም ጥያቄያችን ይኼም ይሁን። ከአባቶቼ የተረከብኩት ምን ያህል ነበር? ለልጆቼ የማስረክበውስ? ገበሬ የሆነ ከጎረቤቱ ጋር ይካብ፤ ቃርሚያውን ጨርሶ አያግጥ፣ ትንሽ ለመሬቱ ይተውለት። ከተሜ የሆነ የወጥ ቤቱን ትራፊ አብስብሶ ለጓሮው ይመልስ፤ እንጀራውን አይጣል። ለንስሐ አባቱ የሚነግረው ካለውም ይንገር።

ባለቤቱ እግዚአብሔር ነው፤ እኛ መጋቢዎች ነን። ጾሙን የበረከት ያድርግልን፤ በአደራው ታምነን እንድንገኝ ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።