ጫፍ የሌለው አንቴናና የመሐንዲሱ ጸሎት

የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች፣ ከአዲስ አበባም ከፍ ያለች ከተማ ናት። ኤች.ሲ.ጄ.ቢ. የተባለው የሚሲዮን ሬዲዮ ጣቢያ በ1931 እ.ኤ.አ. የገና ዕለት ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ባለ 10 ኪሎዋት ማሰራጫ ይዞ የአጭር ሞገድ ስርጭቱን ወደ ላይኛው የአየር ንብርብር፣ ወደ አዮኖስፌር ይልክ ነበር፤ ሞገዱ ከዚያ ነጥሮ ሩቅ አገር ይወርዳል። አንቴናው ግን ይቃጠላል።

ቮልቴጅ የሚበረታው በአንቴናው ዘንግ ጫፍ ላይ ሲሆን የደጋው ስስ አየር ደግሞ አይችለውም። ከየጫፉ እሳት እየተንቦገቦገ አሉሚኒየሙን ያቀልጠዋል። የጣቢያው መሐንዲስ ክላረንስ ሙር ጫፎቹ ላይ ትልልቅ የመዳብ ኳሶች ገጠመ፤ ችግሩ ግን ከሥሩ አልተነቀለም።

ሙር አማኝ ነበርና ጸለየ። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ፦ በ1942 ለአጭር ዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻዋ ፖሶርሃ ሲወርድ 45 ኪሎ ያህል የምህንድስና መጻሕፍት አስጭኖ ነው። በቀርከሃ ጎጆው ወለል ላይ ዘርግቷቸው ለሰዓታት ሠራ። ቀስ በቀስ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ የእጥፍ ዳይፖልን (የታጠፈ ባለ ሁለት ክንድ አንቴናን) ሽቦ ወደ ጎን ከፍቶ አራት ማዕዘን ማድረግ። እያንዳንዱ ጎን የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህላል። ሽቦው ዞሮ ስለሚገጥም እሳት የሚተፋ ጫፍ የለውም። ሙር በኋላ ሲጽፍ ጸሎታችን ተሰምቶ መሆን አለበት ብሏል።

ታዲያ ጸሎቱ ምን ሠራ? መጻሕፍቱና ድካሙ ይበቃሉ የሚል ይኖራል። አንቴናውን የእምነት ማረጋገጫ አድርጎ የሚያሳይም አይጠፋም። ሁለቱም ይቸኩላሉ። ያው ሽቦ ለማያምነውም እኩል ይሠራል፤ የሬዲዮ አማተሮች ሃይማኖት ሳይለዩ ዛሬም ይሰቅሉታል። ሙር ግን የአየሩ ሕግ ለእሱ ስርጭት ሲባል እንዲሻር የለመነ አይመስልም፤ የለመነው ሕጉን ለመረዳት ይመስላል። የፍጥረት ሥርዓት የእግዚአብሔር ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ ልመና ማግኘት ያስቸግራል።

የጸሎቱ መልስ አድርጎ ያየውንም ከፈተና አላሸሸውም። ይህ በየቤተ እምነቱ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ተገለጠልኝ የተባለ ነገር አይመርመር የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነውና። ሙር ኪቶ ተመልሶ አዲሱን አንቴና ሰቀለና ሙሉውን 10 ኪሎዋት ለቀቀበት። ቢቃጠል ኖሮ ከማውረድ ሌላ ምርጫ አይኖረውም ነበር። አልተቃጠለም፤ ሙርም በ1951 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው።