ያልገደለ ሁሉ ጉዳት የለውምን?

«ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ይላል የአገራችን ሰው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ነገሩም ስለ ውሃውም ጥቂት ለመመርመር እንሞክራለን። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ አንድ ነገር ስላልገደለ ብቻ ጉዳት የለውም ለማለት ይቻላልን? ደግሞስ «ጉዳቱ በደንብ ይመርመርና እንደርስበታለን» ብለን ስንቆይ፣ በመቆየታችን ለሚጎዳው ሰው መልስ የሚሰጠው ማን ነው?

ጥያቄው ከደጃችን የራቀ እንዳይመስላችሁ፣ ከእንዶድ እንነሣ። በአዲ አርቃይም ሆነ በሰሜን ደጋ እንዶድን የማያውቅ የለም። እናቶቻችን ፍሬውን ወቅጠው፣ በውሃ በጥብጠው፣ በአረፋው ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ዶክተር አክሊሉ ለማ ከተከዜ ማዶ በአድዋ ከተማ ስለ ቢልሃርዚያ በሽታ ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ይታያሉ፤ ከዚያ ከፍ ብሎ ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በነበሩበት ዕቃ ውስጥ ቢጨምሩት ወዲያው ሞቱ።

ይህ ትልቅ ነገር ነበር። የቢልሃርዚያ ትል በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ካላደገ በቀር ወደ ሰው ሊተላለፍ አይችልም። ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ዕንቁላሉም ከሰው ዓይነ ምድርና ሽንት ጋር ወደ ውሃው ይመለሳል። በሽታው በእኛም አካባቢ፣ በሳንጃና በጣና ዳርቻ፣ የታወቀ ነው። ስለዚህ ከ1969 እስከ 1974 በአድዋ በእንዶድ ሙከራ ተደረገ። በመጀመሪያ ከመቶው ሕዝብ ከ60 በላይ በትሉ ተይዞ ነበር፤ በመጨረሻው ወደ 35 ግድም ዝቅ አለ። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም በ1989 «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አያልቅም። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቀንድ አውጣን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ዓሣንም ይገድላል። በአንጻሩ ደግሞ ለቀንድ አውጣው ዕንቁላል እምብዛም ኃይል የለውም። እንግዲህ መድኃኒት ነው ብለን ወደ ወንዝ የምንጨምረው ነገር በዚያው ውሃ ውስጥ ስለሚኖሩት ሌሎች ፍጥረታት እንድንጠይቅ ያስገድደናል ማለት ነው።

«እናቶቻችን ስንት ዘመን ተጠቅመውበት የለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ተጠቅመውበታል። የእነርሱ ልምድ እንዶድ እጅንና ልብስን ምን እንደሚያደርግ ይመሰክራል። ነገር ግን አንድ ነጠላ ማጠብና አንድን ወንዝ በሙሉ ማከም ልዩነት አላቸው። ደግሞም በወንዙ ውስጥ ያለች ዓይን በቅጡ የማታያት ነፍሳት ስንት ልጅ እንደ ወለደች የቈጠረ ሰው አልነበረም።

ይህን የሚቈጥር ሙከራ ዛሬ አለ። ዳፍኒያ የምትባል፣ የውሃ ቁንጫ የሚል ቅጽል የተሰጣት፣ በጨው አልባ ውሃ የምትኖር ትንሽ ፍጥረት አለች። በውሃ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ዋቅላሚ ትመገባለች፤ እርሷን ደግሞ የዓሣ ጫጩት ይመገባታል። የኬሚካል መርማሪዎች በሁለት መንገድ ይፈትኑባታል። የመጀመሪያው አጭር ነው፤ በ48 ሰዓት ውስጥ መዋኘት የተሳናቸው ስንት ናቸው ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው 21 ቀን ይፈጃል። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው ዳፍኒያዎች ለየብቻቸው በብርጭቆ ይደረጋሉ፤ ለእያንዳንዱ የኬሚካል መጠን ቢያንስ አሥር ይመደባሉ። እየተመገቡና ውሃው እየተለወጠላቸው የወለዷቸው ሕያው ልጆች ይቈጠራሉ። በንጹሕ ውሃ ያሉት እናቶች እያንዳንዳቸው በአማካይ ቢያንስ 60 ልጆች ካልወለዱ ሙከራው ራሱ ዋጋ የለውም፤ ምክንያቱም መለኪያው ካልጸና የተለካው ሊታመን አይችልም።

ከዚህ አሠራር የምንማረው ቁም ነገር አለ። በ48 ሰዓቱ ሙከራ አንድም ሳትሞት የቀረች ዳፍኒያ፣ በ21 ቀኑ ሙከራ ልጅ የማትወልድ ሆና ልትገኝ ትችላለች። ራሷ ትዋኛለች፣ ትበላለች፤ ትውልዷ ግን ቀርቷል። በአእዋፍ ላይም ይህን የመሰለ ነገር ደርሷል። ዲዲቲ ተባይን እንደሚገድል ያረጋገጠው ፓውል ሙለር በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸልሟል፤ ብዙ ሕዝብም ከወባ ድኗል። ነገር ግን ዘግይቶ ሲታይ፣ ዲዲቲ እንደ ንስር ያሉ አዳኝ አእዋፍን በቀጥታ ባይገድልም የዕንቁላላቸውን ቅርፊት እያሳሳ በጎጇቸው ውስጥ እንዲሰበር ያደርግ ነበር። እንግዲህ «አልገደልሁም» የሚል ሁሉ ንጹሕ ነው ለማለት አይቻልም። ሰውም በወንድሙ ላይ እንዲሁ ነው፤ ሳይገድለው ፍሬ እንዳያፈራ ሊያደርገው ይችላል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያው ሁሉ ነገር ተመርምሮ እስኪያልቅ እንቆይ» ብንል ሌላ ስሕተት ላይ እንወድቃለን። በእንዶድ ላይ የደረሰውን እንመልከት። በአገራችን የተደረገው ጥናት አይበቃም፣ ምርመራው በውጭ አገር ላቦራቶሪዎች በዓለም አቀፍ ደንብ ይደገም እየተባለ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉም በአፍሪካ የተሠራ ምርምር በውጭው ዓለም እምነት ማጣቱን በምሬት ይናገሩ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ቀንድ አውጣን ለመግደል ይሸጥ የነበረው ኒክሎሳማይድ የተባለው የፋብሪካ መድኃኒትም ዓሣ ይገድል ነበር፤ ዋጋውም ለድሀ አገር የሚቀመስ አልነበረም። በኋላ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የፋብሪካ ቧንቧ የሚደፍኑትን ባለ ዛጎል ፍጥረታት እንደሚገድል ሲታወቅ፣ በዚያ ያለ ዩኒቨርሲቲ የባለቤትነት መብት አስመዘገበበት። እንዶድ ግን በአገሩ እንደ ታሰበው በስፋት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ዛሬ ለተማሪዎች ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን በዘመቻ ይታደላል፤ ክኒኑ ትሉን ይገድላል፤ ወንዙ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ ግን አልተነካም፤ ልጁም ተመልሶ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

ታዲያ መመርመር ጥፋት ነበርን? በእኔ አስተያየት አልነበረም። የ21 ቀን ምርመራ የቀንድ አውጣውን ጎረቤቶችና ከወንዙ በታች የሚጠጣውን ሰው ማክበር ነው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው። ለአንዱ መድኃኒት የጠበቀ፣ ለሌላው የላላ ሚዛን መያዝ ፍርድ ማጓደል ነው። እንዲሁም «ቆዩ» ብሎ የሚያዝ ሰው ራሱ በመቆየቱ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ፣ ጥንቃቄው በሌላ ሰው ልጅ ሆድ ላይ የተሠራ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ መርምሩ የሚል ሁሉ ለምርመራው ገንዘቡንና ላቦራቶሪውን ያቅርብ፣ ቀኑንም ቈርጦ ይናገር። ሃያ አንዱ ቀን ሃያ አንድ ዓመት እንዲሆን የሚያደርገው ሳይንሱ አይደለም።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፣ ይህ ነገር ለሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። በእርሻችን የአረምና የተባይ መድኃኒት ይረጫል። ከሥራ በኋላ መርጫውን በጅረት የሚያለቀልቅ ሰው በዓይኑ የሞተ ዓሣ ስላላየ ምንም ያላደረገ ይመስለዋል። ውሃው ግን ወደ ዛሪማ፣ ከዚያም ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ በታች በኩል ማድጋዋን የምትሞላ እናት አለች። እንግዲህ መርጫውን ከውሃ ርቀን በማሳው ላይ እንጠበው፤ ባዶ ጣሳውን ለውሃ መቅጃ አናድርገው፤ ለታናናሾቻችንም ይህንኑ እናስተምራቸው። ከእኛ መካከል ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የምትማሩም፣ የራሳችንን ወንዝ በራሳችን ላቦራቶሪ የምንመረምርበትን ቀን ለማቅረብ ትጉ።

ከአንድ የሰንበት ት/ቤቱ አባል፣ አዲ አርቃይ