አሜሪካ ገና ለገቡ ልጆች

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ዛሬ ለሀበሻ ባዕድ አገር ብቻ አይደሉም። እንጀራው በላስቲክ ታሽጎ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ይሸጣል። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም፣ እድሩም ዕቁቡም አለ። የታክሲው ሾፌር ወይም የመኪና ማቆሚያው ገንዘብ ተቀባይ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ይህን ሰፈር መጀመሪያ ያቀኑት ከአብዮቱ በኋላ የተሰደዱት ናቸው፤ በኋላ ደግሞ ዲቪ አሰፋው። እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የተፈቀደው ይህ ሎተሪ በ1995 የበጀት ዓመት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንን አሻግሯል።

ወገን በሞላበት አገር የገባ ወጣት በሁለተኛው ሳምንት «ለመድኩት» ቢል አይፈረድበትም። ሥራ ዘመድ ያፈላልግለታል፤ እንግሊዝኛው ሲያስቸግረው ጎረቤት ይደርስለታል። ቀድመው የገቡትን ታላላቆች የሚያሳዝናቸው ግን እነዚህ ልጆች የሚሰናከሉት ማንም ቁጭ ብሎ ባላስረዳቸው ትንንሽ ነገር መሆኑ ነው። ተቀባዩ ዘመድ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሌሊት ገብቶ ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። የሚያውቀውንም ከለመደው ብዙ ዘመን ስለሆነው መነገር ያለበት አይመስለውም። ስለዚህ መጠየቅ የእንግዳው ፋንታ ነው፤ ይጠይቅ፣ አይፈር።

ከሰዓት ይጀመር። ዘመድ ስልክ ደውሎ ለክሊኒክ ቀጠሮ ይይዝለትና «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት» ብሎት ወደ ሥራው ይሮጣል። ልጁ ምሳውን በልቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርሳል። ጸሐፊዋ የያዘችው ግን የፈረንጁን ዘጠኝ፣ ማለትም ጠዋት ሦስት ሰዓትን ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀጠሮው አልፏል፤ አንዳንድ ክሊኒክ ደግሞ ለቀረ ሰው ገንዘብ ይጠይቃል። በአማርኛ እያወሩ በአሜሪካ ሰዓት የሚቀጥሩ አሉ፣ እስከ ዛሬ በአገር ቤት ሰዓት የሚቀጥሩም አሉ። «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ በዚህ አገር ነውር የለውም፤ ነባሮቹም እርስ በርሳቸው ይጠያየቃሉ።

ሰዓቱ ራሱም በዓመት ሁለቴ ይለወጣል። በማርች ወር ሁለተኛ እሑድ ሌሊት አንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋል፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ይመለሳል። ስልክ ራሱን ያስተካክላል፤ የግድግዳው ሰዓት ባለበት ይቀራል። እሑድ ጠዋት ሺፍት ያለው ልጅ ግድግዳ አይቶ ከወጣ ማርች ላይ አንድ ሰዓት አርፍዶ ይገባል። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነትም በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ስለሚሆን፣ ማታ እናቱ ጋ ደውሎ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳት ልጅ ይህንንም ይያዝ።

የቀን አጻጻፍ ከዚህ ይከብዳል፤ የተሳሳተ ወረቀት ዓመታት ይከተላልና። ሚያዝያ 1 ቀን 1988 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በፈረንጅ አቆጣጠር ልደቱ ኤፕሪል 9፣ 1996 ነው። እንደ አገር ቤት ልማዱ ቀኑን አስቀድሞ 09/04/1996 ብሎ ከሞላ፣ አሜሪካኖች ወሩን ስለሚያስቀድሙ ሴፕቴምበር 4 ብለው ያነቡታል። በፓስፖርቱ አንድ ልደት፣ በትምህርት ቤቱ ወይም በባንኩ ሌላ ልደት ያለው ሰው አንዱ ከሌላው አልገጥም ባለው ቁጥር ማብራሪያ ሲያቀርብ ይኖራል። ወሩን በፊደል መጻፍ በሚፈቀድበት ቦታ ሁሉ በፊደል ይጻፍ።

ስምም እንደዚሁ ነው። ዳዊት ተስፋዬ ወልዴ የሚባል ልጅ ቢኖር፣ ብዙ ጊዜ የቤተሰብ ስም ሆኖ የሚመዘገብለት የአያቱ ስም ነው። ነርሷ በሩን ከፍታ «ሚስተር ወልዴ» እያለች ትጣራለች፤ እሱ አያቱ የተጠሩ ስለሚመስለው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ተራውም ያልፈዋል። ይህ ይለመዳል። አደጋው ያለው የሶሻል ሴኩሪቲው ካርድ ላይ በአያት፣ ባንኩ ላይ በአባት ስም ሲመዘገብ፣ ወይም በመንጃ ፈቃዱ ላይ አንዲት ፊደል ስትጎድል ነው። ካርዱ በደረሰበት ቀን ከፓስፖርቱ ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ፊደል በፊደል ማየት ይገባል፤ ዛሬ በአንድ ቀን የሚታረም ስህተት ሌሎች ወረቀቶች ከተሠሩበት በኋላ ብዙ ያመላልሳል።

ወረቀት ሁሉ የሚመጣው ደግሞ በፖስታ ነው፤ ግሪን ካርዱም፣ ሶሻሉም፣ የባንክ ካርዱም። በዘመድ ቤዝመንት የሚኖር ልጅ ስሙን በፖስታ ሳጥኑ ላይ ይለጥፍ፣ ሳጥኑንም በየቀኑ ይክፈት። ከማስታወቂያው ክምር መሃል ያለው ተራ የሚመስል ነጭ ፖስታ የመንግሥት ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ቤት የቀየረ ባለ ግሪን ካርድም አድራሻውን በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ በሕግ ይገደዳል፤ በኢንተርኔት በነጻ የሚሞላ ፎርም ነው። ከአንዱ ዘመድ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩ ልጆች ይህን ሲዘነጉ ማየት ያስጨንቃል። በስልክ ደውሎ «ከታክስ መሥሪያ ቤት ነኝ፣ አሁኑኑ የስጦታ ካርድ ገዝተህ ቁጥሩን ካላነበብክልኝ ፖሊስ ይመጣል» የሚል ሰው ግን ሌባ ነው፤ ስልኩን ይዝጋበት። እውነተኛው መሥሪያ ቤት በስጦታ ካርድ አያስከፍልም፣ ጉዳይም ሲኖረው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጽፋል።

ልጅ ይዘው የመጡ እናቶች ቴርሞሜትሩን ይወቁ። እዚህ ሙቀት የሚለካው በፋራናይት ነው። ጤነኛ ሰው 98.6 አካባቢ ያሳያል፣ 100.4 ላይ ሲደርስ ትኩሳት ይባላል፤ አገር ቤት 37 እና 38 የምንላቸው ናቸው። በሬዲዮ «ነገ 40 ዲግሪ» ሲባል የአፋር ሙቀት የሚመስለው ካለም ወፍራም ጃኬቱን ያዘጋጅ፤ ውሃ በ32 ይረጋል።

ሐኪም ቤት ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ የሚገባ አይደለም። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን የማህፀን ሕመም ለሐኪም እንዲያስረዳ ማድረግ ለእሱም ለእሷም ግፍ ነው፤ የሕክምና ቃልም አያውቅም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። «የአማርኛ አስተርጓሚ» ብሎ መጠየቅ መብት እንጂ ልመና አይደለም። እንግሊዝኛ በደንብ የሚችልም ቢሆን፣ የሚፈርመው ወረቀት የቀዶ ጥገና ስምምነት ከሆነ ይጠይቅ።

ስለ ክሬዲት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዕዳ በመክፈል ያለንን ታማኝነት የሚለካው ነጥብ ከ300 እስከ 850 ነው፤ አዲስ ገቢ ነጥብ የለውም። መያዣ ገንዘብ ተቀምጦበት የሚሰጠውን ካርድ አውጥቶ፣ በጥቂቱ ተጠቅሞ፣ ሙሉውን በቀኑ መክፈል ይበቃል። ለሌላ ሰው የመኪና ብድር አብሮ መፈረም ግን ዕዳውን መውሰድ ነው፤ የሚለምነው የቅርብ ዘመድ ቢሆንም።

ዋናው ጉዳይ ሥራና ትምህርት ነው። አገር ቤት በዲግሪ ያስተማረ ወይም ሒሳብ የሠራ ወጣት ፓርኪንግ ወይም ነርሲንግ ሆም ገብቶ ሁለት ሺፍት ይይዛል። ሥራው የተከበረ ነው፤ ብዙ ቤተሰብ በሱ ቆሟል። ቤተሰብም ይጠብቃል፤ የእህት ትምህርት ቤት፣ የአባት መድኃኒት፣ የጎረቤት ሐዘን እየተባለ ስልኩ ይጮኻል። መላክ ግዴታም ደስታም ነው። ነገር ግን በየወሩ የሚልከውን መጠን በመጀመሪያው ደመወዝ ወስኖ ለእናት ለአባቱ ካልነገረ፣ ሁለተኛው ሺፍት ማታ ሊማር የሚችልበትን ሰዓት ሁሉ ይወስድበታል። አምስት ዓመት፣ አሥር ዓመት እንዲህ አልፎባቸው ዛሬ የሚቆጩ ብዙ ናቸው፤ ታናናሾቻቸውን የሚመክሩትም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው ሺፍት ቢያንስ በመጀመሪያው ዓመት ይቅር።

ገና ያልተነሳ ካለ ከዩኒቨርሲቲው የታሸገ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይዞ ይምጣ፤ ከባሕር ማዶ ሆኖ በወንድም ማስወጣት አሳር ነው። የገባ ደግሞ በሰፈሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያውጣ፤ ካርዱ ነጻ ነው፣ በብዙዎቹም የእንግሊዝኛ ክፍል በነጻ ይሰጣል። ከዚያ ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይለፍ። ለምሳሌ ቨርጂኒያ በመንግሥት ኮሌጆቿ ዝቅተኛውን የነዋሪ ክፍያ የምትፈቅደው በጥቅሉ ቢያንስ አንድ ዓመት ነዋሪ መሆኑን ላስመሰከረ ሰው ነው። የዘመድ ቤት እንግዳ ሆኖ ስሙ በምንም ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ልጅ ዓመቱን ኖሮም ማስመስከር ያቅተዋል። ስለዚህ የመንጃ ፈቃዱን በቶሎ ያውጣ፣ ለሚኖርበት ክፍል አጭር የኪራይ ውል ያስጽፍ፣ የደመወዝና የታክስ ወረቀቱንም ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በአንድ ፎልደር ያኑር።