ጋቢ ለብሶ መፍረድ

ለመሆኑ ሰው እውነትን ለማግኘት ብሎ ማንነቱን ቢደብቅ ዋሸ ይባላል? ይህን ጥያቄ ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ እንጅባራ ውስጥ ከአንድ ምግብ ቤት ገበታ ላይ ነው ያነሣነው።

ነገሩን የጫረብን የሩቅ አገር ወሬ ነው። ሩት ራይክል የምትባል የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የምግብ ሐያሲ እ.ኤ.አ. በ1993 ሰው ሠራሽ ጸጉር አድርጋ፣ በሌላ ሴት ስም፣ ለ ሲርክ ወደተባለው ዝነኛ ምግብ ቤት ትመላለሳለች። ዞር ብሎ ያያት የለም። በኋላ ማንነቷ ሲታወቅ ግን መቀመጫው ተሻለ፣ የምግቡ መጠን ጨመረ፤ ቀርባ የነበረችው ትንሽ የጣፋጭ ሰሃን እንኳ ተነሥታ ትልቅ መጣ። ሁለቱንም ገበታ ጎን ለጎን ጻፈችና ከአራቱ ኮከብ አንዱን ቀነሰችበት።

እኛም ወኔ መጣብን። የጥር 23 ዋዜማ ነበር፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን የሚያከብርበት ቀን ስለሆነ ከተማው ከዳንግላም ከአዲስ አበባም በመጣ እንግዳ ተጥለቅልቋል። አሮጌ ጋቢ ደርበን ገባን። ውስጥ ባዶ ወንበር እያየን «ተይዟል» ተባልንና በሩ ሥር ተቀመጥን። የእንጅባራን የጥር ብርድ የቀመሰ ይፍረደን! ከአንድ ሰዓት በኋላ አጥንቱ የበዛ፣ የቀዘቀዘ ጥብስ መጣ። በሳምንቱ ከአንዳችን አጎት ጋር ተመለስን፤ ሰውየው ባለሥልጣን ቢጤ ናቸው። ባለቤቱ ራሱ በር ላይ ተቀበለን፤ ጥብሱም በሸክላ፣ ፍሙ ከሥሩ እየጋመ ደረሰ።

በቃ፣ ስሙን ልናወጣው ብዕር አነሣን። በአገራችን እኮ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለ መንገደኛ ስሙ ሳይጠየቅ አብልተው ያሳድሩታል፤ አብርሃምም ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ማንነታቸውን አልመረመረም። እርግጥ ያ በነጻ ነው፣ ይህ በሒሳብ። ታዲያ የኛ ብር ከአጎትዬው ብር በምን አነሰ?

ከመካከላችን አንዱ ግን አላስጽፍ አለ። «ልብሳችን ብቻ መች ተለወጠ፣ ቀኑም ተለውጧል። ጥብሱን ያቀዘቀዘው ጋቢያችን ይሁን የበዓሉ ግርግር በምን አወቃችሁ? ሴትዮዋ በአምስት ወር አምስት ጊዜ በልታ ነው የጻፈችው፤ እናንተ በአንድ ቀን ምስክር ሆናችሁ! ደግሞስ ስሙ ቢወጣ የምትባረረው ማን ናት?» አለን። ሌሎቻችን «ባዶው ወንበርሳ?» ብለን ሞገትነው። ክርክሩ አመሸ።

በመጨረሻ ወደ አስተናጋጇ ሄደን ያደረግነውን ሁሉ ነገርናት። ሰሃን እያነሣች ሰማችን፤ አልተቆጣችም።

«ያን ቀን ከንጋት ጀምሮ ቁጭ አላልሁም፤ ጥብሱ የቀዘቀዘው በኔ ነው። ወንበሩን ለሰው ያዢ ያለኝ ግን ባለቤቱ ነው። ስትጽፉ የኔን ነው የምትጽፉት የሱን?» አለች።

ሒሳባችንን ከፍለን ወጣን። ስሙን እስካሁን አላወጣነውም።